ሚትሱቢሺ ኢቮሉሽን 9 ለሩብ ማይል ውድድር

በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር የመኪና ወዳጆች፣ የጃፓን መኪና አሻሽሎ ሩብ ማይል መወዳደር ለሚፈልግ ጀማሪ ምን እንደሚሻል ስንከራከር፣ እኔ ሁልጊዜ የማነሳው የ2006ቱን ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን 9 ነው። ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ የነበረው 286 የፈረስ ጉልበት ዛሬ ብዙም አያስደንቅም፤ አነሳሱ ግን አሁንም ተፎካካሪው ጥቂት ነው።

እንደ ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ባሉ ሜዳዎች አማተሩ የገዛ መኪናውን ይዞ ገብቶ 402 ሜትሩን ከጨረሰ በኋላ የሰዓቱ ወረቀት ይሰጠዋል። በወረቀቱ ላይ አስቀድሞ መታየት ያለበት የመጀመሪያውን 60 ጫማ (18 ሜትር ያህል) ለማለፍ የፈጀው ጊዜ ነው፤ እዚያ የባከነች ቅንጣት ሰከንድ መጨረሻው መስመር ላይ አድጋ ትገኛለችና። ጉልበቱ ሁሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ መኪና መብራቱ ሲበራ ጎማውን እያጨሰ ሲቀር፣ ኢቮው በአራቱም ጎማ መሬቱን ቧጥጦ፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጎማን በቦታው አሽከርክሮ ለማሞቅ በሚረጨው ውሃ ውስጥ ማለፍ እንኳ አያስፈልገውም፤ የመንገድ ጎማ ያለው ሰው ውሃውን ዞሮ ቢያልፍ ይመረጣል፣ ያለዚያ በጎማው ጥርስ የያዘውን ውሃ መነሻው ላይ ያንጠባጥበዋል።

ይህ አነሳስ ግን ዋጋ አለው። ጎማው አልንሸራተት ሲል ጫናው በሙሉ ፍሪሲዮኑ ላይ ያርፋል፤ ሞተሩን በደቂቃ 5,000 ዙር ላይ አድርሶ ፔዳሉን በድንገት መልቀቅ የፋብሪካውን ፍሪሲዮን ፈጥኖ ይበላዋል፣ የሚቃጠለው ሽታም ተመልካቹ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ በእጁ ገንዘብ ያለው ሰው ትልቅ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ከመግዛቱ በፊት ጠንካራ ፍሪሲዮን ያስገባ እላለሁ። ከካምቢዮዎቹም ባለ 6 ማርሹ ይማርካል እንጂ ለዚህ ሥራ ባለ 5 ማርሹ የበለጠ ጫና ይችላል።

ባለ 2 ሊትሩ 4ጂ63 ሞተር ብሎኩ የብረት በመሆኑ ከፋብሪካው ልክ በላይ የአየር ግፊት ሲጨመርበት ይታገሳል። ኢ85 የተባለውን ኤታኖል የበዛበት ነዳጅ የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ይህ ነዳጅ በመጠን ከቤንዚን ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ ጭማሪ ስለሚፈልግ፣ ትልልቅ ኢንጀክተር (ነዳጅ መርጫ) እና ፓምፕ ሳያስገቡ፣ ኮምፒውተሩንም ሳያስተካክሉ መሞላት ፒስቶን ማቅለጥ ነው። በነገራችን ላይ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ሲያጣ፣ ቱርቦው ግን የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ያካክሳል።

ሲገዛ፣ ያልተነካካ መኪና ፈልጎ ማግኘት ከባድ ቢሆንም መታገስ ይገባል፤ ሌላ ሰው ያሻሻለውን መኪና ታሪክ ከሻጩ አፍ ብቻ መስማት አይበቃም። የሞተሩ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ይጠየቅ፣ እሱ ከተበጠሰ ባልቦላዎቹ ከፒስቶን ጋር ይጋጫሉና። በአሜሪካው የድራግ ውድድር ማኅበር ደንብ ከ14 ሰከንድ በታች ለሚገባ ሁሉ ሄልሜት ግዴታ ነው፤ እንዲህ ያለው የ2006 መኪና 11.49 ሰከንድ ከደረሰ ደግሞ ቢገለበጥ ነጂውን የሚጠብቅ የመከላከያ ብረት ከውስጥ ሊታሰርለት ይገባል፣ ስለዚህ ያን ያህል መፍጠን ያሰበ ሰው የኋላውን መቀመጫ ከወዲሁ ይርሳው።