ለጮቄው ሞተረኛ የዘገየ ምስጋና

ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ ገና ድሮ ነው። የማመሰግነው ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሞተር ሰው እና እቃ የሚያመላልስ ልጅ ነው። ስሜን እንዳትጽፍ ብሎኛል። «ፌስቡክ ላይ ስም ከወጣ ጣጣው ብዙ ነው» ይላል። እውነቱን ነው።

ነሐሴ 2011 ነበር። የአክስቴ ልጅ ከካናዳ መጣ። እዚያ ብርዱ ሲገባ ከጓደኞቹ ጋር በስኖውሞቢል ተራራ ለተራራ ይዞራል። ስኖውሞቢል ከፊቱ ሁለት ስኪ (በረዶ ላይ የሚንሸራተት ረጅም ጠፍጣፋ ነገር)፣ ከኋላው እንደ ታንክ የሚሽከረከር ሰንሰለት ያለው የበረዶ ላይ ሞተር ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ምን ያንቀዠቅዥሃል ልጄ?» አለችው። እሱ ግን የጮቄን ተራራ ሳላይ አልመለስም አለ። በነሐሴ! ያውም ጭቃው ጉልበት በሚውጥበት ወር።

ሁለት ሞተር ይዘን በጠዋት ወጣን። አንዱን ሞተረኛው እኔን አፈናጦ፣ ሌላውን የአክስቴ ልጅ። ሮብ ገበያን አልፈን፣ የገብሱንና የድንቹን ማሳ ጨርሰን ጅባራው ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ መንገዱ አንድ ቀጥ ያለ ተዳፋት ወገብ ላይ ገባ። ሞተረኛው አቆመ። ምንም ሳይነግረን ወደ ላይ ወጣና ሣሩን በእግሩ እየገለጠ ማየት ጀመረ። ተከተልኩት። መሬቱ እንደ ማጭድ ጎብጦ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ተከለ። ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ በሁለቱ መሀል ለካና ልክ እዚያው ላይ ቆረጠው። ቁራጩን ኪሱ ከተተ።

«አንድ በአንድ ነው የምናልፈው» አለ። «አንዱ ሳይሻገር ሌላው እግሩን አያነሳም።»

እሱ ቀድሞ አለፈ። የአክስቴ ልጅ መሀል ላይ ሲደርስ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ልገፋለት ሮጥኩ። ሞተረኛው ከማዶ «ባለህበት ቁም!» ብሎ ጮኸብኝ። ቆምኩ፤ ግን ደሜ ፈላ። ወንድሜ ጭቃ ውስጥ እየታገለ እኔ ቆሜ ላየው? የገረመኝ የአክስቴ ልጅ ራሱ በእጁ «አትምጣ» ማለቱ ነው። ብቻውን ታግሎ አወጣው።

ማዶ ተሻግረን ቆሎ ስንበላ የአክስቴ ልጅ ሳቀ። «ይህንን እኮ እኔ ከፍዬ ነው የተማርኩት» አለ። እነሱ አገር የበረዶ ናዳ የሚባል ነገር አለ። ተራራው ላይ ንብርብር ሆኖ የተቀመጠው በረዶ፣ መሀሉ የላላ ንብርብር ካለው፣ የአንድ ሞተር ክብደት ሊቀሰቅሰው ይችላል። በብዛት የሚወርደው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው። ሰው ከሚገድሉት ናዳዎች አብዛኞቹን የሚያስነሳው ሟቹ ራሱ ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው። አንዱ ተዳፋት ላይ ሲቀረቀር ጓደኛው ሊረዳው ይወጣና ሁለቱም ይቀበራሉ። ስለዚህ ሕጋቸው አንድ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ይወጣል፣ ሌላው ናዳው ከማይደርስበት ቆሞ በዓይኑ ይከተለዋል። ናዳው የቀበረውን ሰው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማውጣት አለባቸው፣ ከዚያ በኋላ ተስፋው እየመነመነ ይሄዳል። ነፍስ አድን እስኪመጣ፣ ሄሊኮፕተር እስኪጠራ ጊዜ የለም። ለዚህም እያንዳንዱ ሰው ምልክት የሚልክ መሣሪያ ደረቱ ላይ ያስራል፣ ረጅም መፈተሻ ዘንግና አካፋም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሬቨልስቶክ በምትባል ከተማ አጠገብ የስኖውሞቢል ትርኢት ሊያይ ተዳፋት ሥር በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ናዳ ወርዶ 2 ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰው ቆስሏል።

ሞተረኛው ጸጥ ብሎ ሰማውና «እኛ ዘንድ አፈሩ ነው በረዶው» አለ። የአባቱ የድንች ማሳ በአንድ ሌሊት ቁልቁል ወርዶ አይቷል። ዝናብ ሲበዛ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ከሥሩ ካለው ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል። ምንጭ ያለወትሮው ከደፈረሰ፣ ባህር ዛፍ ካዘነበለ እዚያ አይቆምም።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ በረዶ ጣለ። የእኛው፣ ጠጠሩ። የአክስቴ ልጅ እንደ ሕፃን ፈነጠዘ። ሞተረኛው ግን በሌላ በኩል ዞሮ ወጥቶ ችካሎቹ ጋ ደረሰና ሲባጎውን አወጣ። አልደረሰም። ሁለት ጣት ጎደለው፤ ስንጥቁ ሰፍቷል ማለት ነው። «በዚህ አንመለስም» አለ። የማታ መኪና አለብን ብዬ ተከራከርኩ፤ ክፉ ቃልም ወጣኝ። አልመለሰልኝም። አንድ ገበሬ ቤት ጭስ ስንታጠን አደርን። በማግስቱ በሌላ መንገድ ዞረን ወረድን። የሁለተኛውን ቀን ሒሳብ አልቀበልም አለ።

ተዳፋቱ ያን ቀን አልወረደም። እኔም «በከንቱ አሳደረን» እያልኩ ለሰው ሳወራ ከረምኩ።

ሐምሌ 2016 የጎፋው መሬት ናዳ ዜና መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ ሮጠው የሄዱ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱኑ ደረበባቸው። ዜናውን ስሰማ «ባለህበት ቁም!» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። በእነሱ አልፈርድም፤ እኔም ሮጬ ነበር። በማግስቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። ክርክሩን ጭራሽ አያስታውሰውም።

አሁን መንገዱ ስላልተመቸ ጮቄ አይወጣም። ከተማ ውስጥ እቃ ያደርሳል፣ ሰው ያመላልሳል። በሰዓቱ ይደርሳል፣ ዋጋ አይቆልልም። ማርቆስ ያላችሁ ሥራ ስጡት፤ ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። መንገዱ ተመችቶ ጮቄ የምትወጡ ቀን ደግሞ እሱን ያዙ። ተመለሱ ካላችሁ ተመለሱ፣ እንደኔ አትሟገቱት። ሄልሜት ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አውልቆ ለእናንተ ስለሚሰጥ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።