«ለሁሉም ታብሌት ይሆናል» ከተባላችሁ እንዳትገዙ

የድሬ ልጆች፣ ታብሌት ላይ የሚጽፍ ገመድ አልባ እስክሪብቶ ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ። የእኔ 4,500 ብር ሄዷል።

ለታናሽ እህቴ ነበር። ስዕል ነፍሷ ነው፤ ያላት አይፓድ 9 ነው። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ላስቲኩ ያልተነካ ነጭ ካርቶን አወጣ። «አፕል ፔንስል 2፣ ወላሂ ኦርጅናል ነው፤ ለሁሉም ይሆናል።» አይፓዱን ይዤ ስለነበር እዚያው ከፍተን ስሜን ጻፍኩበት። ጻፈ። አቦ፣ ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ? ከፈልኩ። ደረሰኝም አልጠየቅኩም፤ በርካሽ ያገኘሁ መስሎኝ።

ማታ እህቴ ጥላ ልትቀባበት ሞከረች። ብትጫነው ብታለሰልሰው መስመሩ ያው ነው። «ይሄማ ቢክ ነው» አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ጭራሽ ሞተ። ቻርጅ ላድርገው ብዬ ባገላብጠው ቀዳዳ የለውም! ለካ ቻርጅ የሚያደርገው በማግኔት ታብሌቱ ጎን ላይ ተለጥፎ ነው። የአይፓድ 9 ጎን ደግሞ እስክሪብቶ ቻርጅ አያደርግም። ሱቅ ውስጥ የጻፈልኝ ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ቻርጅ ነው።

የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። ኦርጅናሉ ፔንስል 2 አይፓድ 9 ላይ አይሠራም። ለእሱ የሚሆነው አፕል በ2015 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የመጀመሪያው ፔንስል ነው። እዚያ ሱቅ መጻፉ ራሱ ፌክ መሆኑን እየነገረኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስለጻፈ አመንኩት።

ሳምሰንግ ያላችሁም «ይሆናል» ሲሏችሁ እንዳትሸወዱ። የሳምሰንግ እስክሪብቶ፣ ኤስ ፔን፣ ለመጻፍ ባትሪ አይፈልግም፣ ኃይሉን ከስክሪኑ ነው የሚያገኘው፤ ለአይፓድ የተሠራ ኮፒ እሱን አይተካም።

ኮፒ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ለክላስ ኖት ብቻ ከሆነ፣ የቻርጀር ቀዳዳ ያለው ይበቃችኋል። ለስዕል ከሆነ ግን ስም ጽፋችሁ አትመለሱ። መዳፋችሁን ስክሪኑ ላይ አሳርፋችሁ፣ አንዴ ጫን አንዴ ለስለስ እያደረጋችሁ ሞክሩ። መስመሩ ካልወፈረና ካልቀጠነ ተዉት። ባለ ዩኤስቢ ሲው የአፕል ፔንስል ኦርጅናል ሆኖም ጫና አይለይም፤ ስለዚህ ካርቶኑን አትመኑ።

ልመልስለት ሄጄ ነበር። ልጁ ግድግዳው ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በጣቱ አሳየኝ። ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለእሱ የሚሆን የማግኔት ቻርጀር አለኝ፤ ላንተ በ800 ብር።»