ከ703 እስከ 686፦ የቨርጂኒያ የስልክ ኮዶች አገልግሎት ሲመዘን

በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስልክ ቁጥር ስንቀባበል «703 ነው ወይስ 571?» ብለን መጠየቅ ልማዳችን ነው። የእድራችንን የአባላት የስልክ መዝገብ የምይዘው እኔ በመሆኔ ይህን ጥያቄ ከብዙዎች ይልቅ ደጋግሜ እጠይቃለሁ፤ ሐዘን ደርሶ በሌሊት አባላትን መጥራት ሲያስፈልግ አንድ አኃዝ የተሳሳተ ቁጥር ምን ያህል እንደሚጎዳም አውቃለሁ። ስለዚህ ኤሪያ ኮድ የምንለውን የሦስት አኃዝ የአካባቢ መለያ ሰው በየወሩ ሂሳብ እየከፈለ እንደሚያገኘው ማንኛውም አገልግሎት ልመዝነው ወድጃለሁ። መመዘኛዬ አንድ ነው፦ ቁጥር ሲያልቅ አሠራሩ ሰዎች በእጃቸው ያለውን ቁጥር እንዲያቆዩ አድርጓል ወይስ አስቀይሯቸዋል? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1947 የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ አሜሪካንና ካናዳን በ86 ኮዶች ሲከፋፍል ለቨርጂኒያ በሙሉ የደረሳት 703 ብቻ ነበር። በጊዜው ደንብ አንድ ኮድ የሚበቃው ግዛት በመካከለኛው አኃዝ 0፣ ከአንድ በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ 1 ይሰጠው ስለነበር፣ 703 ቨርጂኒያ ያኔ ባለ አንድ ኮድ ግዛት እንደነበረች ራሱ ይመሰክራል። በሚሽከረከረው የድሮ ስልክ 0 ማለት አሥር ምት ስለሆነ 703ን ለመደወል ሃያ ምት ያስፈልግ ነበር፤ የኒውዮርክ ከተማ 212 ግን በአምስት ምት ያልቅ ነበር። ብዙ ጥሪ ለሚደርሳቸው ከተሞች አጭሩን መስጠት በጥሩ ስሌት የተሠራ ሥራ ነው፤ ቨርጂኒያ በዚያን ጊዜ ገና ገጠር የበዛባት ግዛት እንደነበረችም ከዚህ መገመት ይቻላል።

ለ26 ዓመት 703 ብቻውን ቆየ። በ1973 ግዛቲቱ ለሁለት ስትከፈል የምሥራቁና የደቡቡ ክፍል፣ ዋና ከተማዋን ሪችመንድንና ወደቧን ኖርፎክን ጨምሮ፣ አዲሱን 804 ወሰደ። 703 ሰሜኑንና ምዕራቡን ይዞ ቀረ፤ ይህም ማለት ከዋሽንግተን ደጃፍ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ በሸናንዶዋ ሸለቆና በተራሮቹ በኩል ከ350 ማይል በላይ ተጉዞ ቴነሲ ጠረፍ ላይ እስካለችው ብሪስቶል ድረስ ያለው ሕዝብ አንድ ኮድ ይጠቀም ነበር ማለት ነው። ካርታውን ስመለከተው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው የሰሜኑ ሕዝብና የምዕራቡ ገበሬና የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ በአንድ ኮድ መታሰራቸው ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው የቁጥር እጥረት ከሕዝብ ብዛት ብቻ የመነጨ አይደለም። አንድ ኮድ 7.9 ሚሊዮን ያህል ቁጥሮችን መያዝ ይችላል፤ ቨርጂኒያ ዛሬ ያሏት አሥር ኮዶች በስሌት ከ79 ሚሊዮን በላይ ቁጥር ይወጣቸዋል፣ በ2020 የተቆጠረው ሕዝቧ ግን 8.6 ሚሊዮን ነበር። ይህን ያህል ብክነት የተፈጠረው ቁጥር ለስልክ ኩባንያዎች ይታደል የነበረው በአሥር ሺህ ጥቅል ስለነበረና አንድ ኩባንያ በእያንዳንዱ ትንሽ የሂሳብ ቀጠና ውስጥ የየራሱን ጥቅል መያዝ ስለነበረበት ነው። አምስት መቶ ደንበኛ ያለው ኩባንያም ቢሆን አሥር ሺህ ቁጥር ይወስድ ነበር። በ1990ዎቹ ፋክሱ፣ ፔጀሩና ሞባይሉ በአንድነት ሲመጡ፣ በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ደግሞ አዳዲስ ኩባንያዎችን ወደ ገበያው ሲያስገባ፣ ጎተራው በፍጥነት ተራቆተ።

መካከለኛው አኃዝ 0 ወይም 1 መሆን አለበት የሚለው ደንብ በ1995 መጀመሪያ ላይ በመነሣቱ በዚያው ዓመት ምዕራቡ 540 ተባለ፤ ሮአኖክ፣ ሃሪሰንበርግ፣ ዊንቸስተር እና ፍሬድሪክስበርግ ከ703 ወጡ። በማግስቱ ዓመት 757 ከ804 ተነጥሎ ለኖርፎክ፣ ለቨርጂኒያ ቢች፣ ለኒውፖርት ኒውስ፣ ለሃምፕተን፣ ለዊልያምስበርግና ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ላለው ምሥራቃዊ ዳርቻ ተሰጠ። ከአከፋፈሎቹ ሁሉ መልክዓ ምድሩን የጠበቀው ይህኛው ይመስለኛል። የባሕር ኃይሉና የመርከብ ግንባታው ከተሞች በሥራም በኑሮም የተሳሰሩ ስለሆኑ ኮዱ እንደ አካባቢው ስም እስከመሆን ደርሷል፤ የዚያ አገር ልጆች «ሰባት አምስት ሰባት» ሲሉ ስለ ስልክ ሳይሆን ስለ ትውልድ ቦታቸው የሚናገሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከሁሉ የላቀ ሆኖ ያገኘሁት በ2000 በሰሜን ቨርጂኒያ የተደረገው ነው። 703 እንደገና ሊሞላ ሲል ለሁለት ከመክፈል ይልቅ በዚያው መሬት ላይ 571 ተደረበ። አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፌርፋክስ፣ ፎልስ ቸርች፣ ማናሳስና አብዛኛው የላውደን ካውንቲ ሁለቱንም ኮዶች ይጋራሉ፤ ነባሩ ደንበኛ ቁጥሩን ይዞ ይቀጥላል፣ አዲሱ ደንበኛ ደግሞ 571 ሊደርሰው ይችላል። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ጎረቤትን ለመጥራት እንኳ አሥሩንም አኃዝ መደወል ነበር። ዋጋው ለሽማግሌዎች ቀላል እንዳልነበረ አልክድም። በእርግጥ ከዚያ አስቀድሞም በ1990 በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል ያለ ኤሪያ ኮድ በሰባት አኃዝ ብቻ መደወል ቀርቶ ስለነበር ወንዝ ማዶ ዘመድ ያለው ሰው አሥር አኃዝ አዲስ አልሆነበትም። ሆኖም አንድ ትልቅ ሱቅ፣ አንድ ሐኪም ቤት፣ አንድ የታክሲ ሹፌር የደንበኞቹ ቁጥር ሳይቀየርበት፣ በደጁ የጻፈውን ሳይፍቅ ማደሩ ከሦስት ተጨማሪ አኃዝ ይበልጣል።

571 በመጀመሪያ እንግዳ መስሎ ነበር። በእድራችን ያሉ አንዲት እናት ልጃቸው አዲስ ስልክ ስትገዛላቸው ቁጥሩን አይተው «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ የየት አገር ቁጥር ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ከቤታቸው ፈቀቅ እንዳላለ፣ ከጎረቤታቸው 703 ጋር እኩል እንደሆነ ካስረዳኋቸው በኋላ መዝገቡ ላይ ራሳቸው በእጃቸው ጻፉት። ዛሬ ከእድሩ አባላት መካከል ከ2000 በፊት የመጣው ብዙው 703፣ ከዚያ ወዲህ የመጣው ብዙው 571 ይዟል፤ ቁጥሩን አይቼ ሰው መቼ እንደመጣ ለመገመት የምችልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በ2001 የተደረገውን ግን በዚያው ልክ ማመስገን አልችልም። 571 በተደረበ በዓመቱ፣ የመደረብን ጥቅም ሁሉም ካየ በኋላ፣ የደቡቡ ክፍል እንደገና ተከፈለ፦ ሻርለትስቪል፣ ሊንችበርግና ዳንቪል ከ804 ወጥተው 434 ሲሆኑ፣ አቢንግደን፣ ዋይትቪል፣ ማርቲንስቪልና ብሪስቶል ከ540 ወጥተው 276 ሆኑ። ለገጠሩ ሕዝብ የሰባት አኃዝ ጥሪን ማቆየት እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ከመንደሩ ውጭ እምብዛም የማይደውል ሰው አሥር አኃዝ ለምን ይጫንበታል የሚለውን ክርክር አከብራለሁ። ነገር ግን የተከፈለውን ዋጋ እንመልከት። የብሪስቶል ነዋሪ እስከ 1995 703፣ ከዚያ 540፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ 276 ሆነ። አንድ ባለ ሱቅ በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ታፔላውን፣ ደረሰኙን፣ የመኪናውን ጽሑፍ አስቀየረ ማለት ነው። በዚያች ከተማ ዋናው መንገድ የቨርጂኒያና የቴነሲ ድንበር ስለሆነ ከመንገዱ ባሻገር ያለው ሱቅ 423 ነው፤ እርሱም በ1995 ከ615 የወጣ ነው። በአንድ ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉ ነጋዴዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ኮድ ቀየሩ፤ የቴነሲው በዚያው ሲረጋ የቨርጂኒያው ግን እንደገና ተነካ። በኢትዮጵያ በ2005 የአዲስ አበባው 01 ወደ 011 ተለውጦ ቁጥሩም ሲረዝም የነበረውን ግርግር የሚያስታውስ ሰው፣ ያንን በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ማየት ምን እንደሚመስል ይረዳል።

ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ በቨርጂኒያ አዲስ ኮድ አልታየም። ሞባይልና ኢንተርኔት በበዛበት ዘመን ይህ እርጋታ የመጣው ቁጥር በአሥር ሺህ መታደሉ ቀርቶ በአንድ ሺህ ጥቅል መካፈል በመጀመሩ ነው። ማንም ሳያየው የተሠራ፣ ለማንም ችግር ያልፈጠረ ማሻሻያ ነው፤ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ቢጀመር ኖሮ የ2001ዱ መከፋፈል ላያስፈልግ ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ።

በ2022 በ757 ላይ 948፣ በ540 ላይ 826 ተደረቡ፤ በ2024 ደግሞ በሪችመንድና በፒተርስበርግ 804 ላይ 686 መጣ። ሦስቱም የተደረቡ እንጂ የተከፈሉ አይደሉም፤ የስልክ አገልግሎትን የሚቆጣጠረው፣ በሪችመንድ የሚቀመጠው የግዛቱ የኮርፖሬሽን ኮሚሽን የ571ን መንገድ መምረጡ ያስመሰግነዋል። አፈጻጸሙም የታሰበበት ነበር። ለምሳሌ በ540 ክልል መጀመሪያ ለስድስት ወር ያህል በሰባትም በአሥርም አኃዝ መደወል ተፈቀደ፤ ቀጥሎ አሥር አኃዝ ግዴታ ሆነ፤ አዲሱ ኮድ መታደል የጀመረው ከዚያ አንድ ወር ቆይቶ ነው። ሰው እጁን እስኪያለማምድ የተሰጠው ይህ ጊዜ በቂ ነው።

ጉድለት የሚታየው ሰው በማይደውልባቸው ዕቃዎች ላይ ነው። በፍሬድሪክስበርግ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጄ የሌባ ማስጠንቀቂያ መሣሪያው በሰባት አኃዝ እንዲደውል ተደርጎ የተገጠመ መሆኑን ያወቀው ግዴታው ከተጀመረ ሳምንታት በኋላ ነበር፤ ስለ ለውጡ የተላከው ማሳሰቢያ ከስልክ ሂሳቡ ጋር በወረቀት የመጣ ሲሆን መሣሪያውን የገጠመለት ድርጅት ግን አንድም ቃል አልነገረውም። በር ከፋች ስልክ፣ የሕመምተኛ መጥሪያ ቁልፍ፣ አሳንሰር ውስጥ ያለ የአደጋ ጊዜ ስልክ ሁሉ እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ። ኮድ ሲደረብ መጀመሪያ መፈተሽ ያለባቸው እነዚህ ናቸው፤ ማሳሰቢያውም የስልክ ኩባንያዎቹ ሥራ ብቻ ተደርጎ መተው የለበትም።

ኮዱ የሰውን መኖሪያ ይናገራል የሚለው ጥቅም ደግሞ እየሳሳ ሄዷል። ከ2003 ወዲህ የሞባይል ደንበኛ ኩባንያ ሲቀይር ቁጥሩን ይዞ መሄድ ይችላል፤ ወደ ሌላ ግዛት የሚዛወር ሰውም ሞባይሉን ይዞ ስለሚሄድ የድሮው ኮድ አብሮት ይጓዛል። በእድራችን መዝገብ ውስጥ የዋሽንግተን 202 እና 771፣ የሜሪላንድ 301 እና 240፣ የሲያትል 206 ሁሉ አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ግን የአሌክሳንድሪያና የፎልስ ቸርች ነዋሪዎች ናቸው። አጭበርባሪዎች ይህን ልማዳዊ እምነት ስለሚያውቁ በ703 ወይም በ571 የሚጀምር የውሸት ቁጥር እያሳዩ ይደውላሉ፤ ለአባላት የምነግራቸውም በኮዱ የተነሣ ብቻ ስልክ እንዳያነሱ፣ ሰውዬውንም እንዳያምኑ ነው።

ቁጥር ለሚመዘግብ ሰው ሁለት ነገሮችን አጥብቄ እመክራለሁ። አንደኛው እያንዳንዱን ቁጥር ከነአገር ኮዱ +1፣ አሥሩንም አኃዝ አሟልቶ መጻፍ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ያለ አገር ኮዱ ሊያገኘን አይችልም፣ ከቨርጂኒያ ወጥቶ ለሚደውል አባልም ያው ቁጥር ሳይቀየር ይሠራል። ሁለተኛው በተለይ ለእኛ ማኅበረሰብ የሚሆን ነው፦ ከአሜሪካ የቤት ስልክ ወደ ውጭ አገር ለመደወል የሚቀድመው 011 ሲሆን የአዲስ አበባ ኮድም 011 ስለሆነ ሁለቱ ይምታታሉ። ወደ አዲስ አበባ የቤት ስልክ ሲደወል 011፣ ከዚያ 251፣ ከዚያ 0ው ቀርቶ 11 ይከተላል፤ ይህን ያልተረዱ ብዙ አባቶች ሁለተኛውን 0 እየጨመሩ ስልኩ አይሠራም ብለው ያዝናሉ።

686 ሲጀመር በቨርጂኒያ ብቻቸውን የቀሩት 434 እና 276 ነበሩ። የእነርሱም ተራ ሲደርስ ኮሚሽኑ እንደ 2001 እንዳይከፍላቸው፣ እንደ 2000 እንዲደርብላቸው እጠይቃለሁ፤ በ703፣ በ540 እና በ276 ያለፈ የብሪስቶል ባለ ሱቅ በደጁ ላይ አራተኛ ኮድ እንዲጽፍ መገደድ የለበትም።