የልጄን የስህተት ደብተር ላስጀመሩት መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሁፍ ልጻፍ እያልኩ ሁለት ወር አለፈኝ። የልጄ የፈተና ውጤት ይምጣና እጽፋለሁ ብዬ ነበር። አሁን መጥቷል፣ ግን መምህርን የማመሰግናቸው ገና ውጤቱ ሳይመጣ ባደረጉልን ነገር ነው።

ልጄ 8ኛ ክፍል ነው። አስጠኚው ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለጠየቁኝ እኔም እንደ ልጄ «መምህር» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። 7ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ደረጃውን የጠበቀ ፈተና ወስዶ ነበር፤ ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ አንድ ዓይነት ሰዓት፣ አንድ ዓይነት አስተራረም ያለውን ማለቴ ነው። የውጤት ወረቀቱ ሲመጣ ሂሳብ ላይ 38 ይላል። ክፍል ውስጥ ከ70 በታች አምጥቶ የማያውቅ ልጅ! ያን ቀን ምን እንዳልኩት አሁን ሳስበው ያመኛል። ስልኩን ቀማሁት፣ ጨዋታ ከለከልኩት፣ ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ከረመ። ከዚያ አንድ ማስጠኛ አስገባሁት። እዚያ በየሳምንቱ አንድ ጥራዝ ወረቀት ይሰጡታል፣ ሠርቶ ይወስዳል፣ በቀይ እስክሪብቶ ራይትና ኤክስ ተደርጎበት ይመለስለታል፣ ሌላ ጥራዝ ይቀጥላል። የተሳሳተውን ለምን እንደተሳሳተ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ወረቀቱ ተከመረ፣ ኤክሱ ግን አልቀነሰም።

መምህርን ያገኘኋቸው በጓደኛዬ ጥቆማ ነው። የመጀመሪያ ቀን ምንም አላስተማሩትም። የአምናውን የውጤት ወረቀት አምጪልኝ አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩበትና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ከመቶ አይደለም» አሉኝ።

38ቱ ፐርሰንታይል ነበር። ፈተናውን የወሰዱት 100 ተማሪዎች ናቸው ብለሽ አስቢ፣ ከዝቅተኛው ጀምሮ ቢሰለፉ ልጅሽ 38ቱን ይቀድማል ማለት ነው አሉኝ። ስንት ጥያቄ እንደመለሰ የሚናገረው ቁጥር ከጎኑ በትንሹ ተጽፎ ነበር፤ ከ50 ጥያቄ 27። ከግማሽ በላይ መልሷል። እኔ ግን ወረቀቱን ከመቶ 38 ብዬ አንብቤ ልጁን ሰነፍ አድርጌዋለሁ። መምህር አላባበሉኝም፣ 38 ከመሀሉ በታች ነው፣ ሥራ አለበት ብለው በግልጽ ነገሩኝ። አንድ ልጅ ተመሳሳይ ፈተና ዛሬና ነገ ቢፈተን ምንም ሳይማር እንኳ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ወይ ዝቅ ሊል እንደሚችልም ጨመሩልኝ። ማታ ቤት ስገባ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኩት። «እማ፣ እኔም እኮ ከመቶ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ይህን ወረቀት የያዛችሁ ወላጆች እባካችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት የትኛው ቁጥር ምን እንደሆነ አጣሩ።

በሁለተኛው ቀን 40 ጥያቄ ሰጡት። 17 ተሳሳተ። ማስጠኛ ቤቱ ቢሆን እዚህ ላይ ነገሩ ያበቃ ነበር። መምህር ግን አንድ ባዶ ደብተር አውጥተው ሽፋኑ ላይ «የስህተት ደብተር» ብለው ጻፉበትና አብረው እያንዳንዷን ጥያቄ አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይሄንን ለምን መረጥከው?» ልጄ መልሱን በራሱ እጅ ይጽፋል፣ ከጎኑ ደግሞ ከሦስት ቃላት አንዷን ያስቀምጣል፤ «አላውቀውም»፣ «ዝንጋታ» ወይም «ንባብ»። ሲደመር ከ17ቱ ጨርሶ ያልተማራቸው 5 ብቻ ነበሩ። 4ቱ ሲደምርና ሲቀንስ የዘነጋቸው ናቸው። 8ቱ ጥያቄውን በትክክል ስላላነበበ! «ትክክል ያልሆነው የትኛው ነው» ይላል ጥያቄው፣ እሱ ትክክል የሆነውን አግኝቶ ደስ ብሎት ያከብበዋል። በሴንቲ ሜትር የተሰጠውን በሜትር ይጠይቁታል፣ እሱ በሴንቲ ሜትር ይመልሳል። ስንት ወር ሙሉ ቀመር ስናስሸመድደው የነበረው ልጅ ችግሩ ቀመር አልነበረም።

በዕድል ያገኘውንም አያልፉም። ራይት የሆነውን መልስ «እንዴት አገኘኸው?» ይሉታል፣ ገምቶ ከሆነ ደብተሩ ውስጥ ይገባል። ይሄ መጀመሪያ ላይ ልጄን በጣም ነበር ያናደደው።

በጣም የወደድኩት ስለ ምርጫዎቹ ያስተማሩት ነው። አንድ ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ጥያቄው ይህ ነው፤ 100 የነበረ ቁጥር በ20% ጨመረ፣ ከዚያ ያ አዲሱ ቁጥር በ20% ቀነሰ፣ ስንት ሆነ? ምርጫዎቹ 80፣ 96፣ 100 እና 120። ልጄ ወዲያው 100 አለ። የጨመረውን ያህል ቀነሰ፣ አለቀ። እውነቴን ነው፣ እኔም በልቤ 100 ብዬ ነበር። መምህር ወረቀቱን ወደሱ ገፋ አድርገው «አሁን አንተ ፈታኝ ነህ፣ እነዚህን ሦስት የተሳሳቱ መልሶች ከየት አመጣሃቸው?» አሉት። ልጄ ዝም አለ። ቆይቶ፣ 120 መሀል ላይ የሚያቆም ልጅ ነው፣ 80 ደግሞ መጨመሩን ረስቶ የቀነሰ ነው አለ። «100ስ?» «100 እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ራሱ ሠራው፤ 120 ላይ 20% ማለት 24 ነው፣ 120 ሲቀነስ 24 እኩል ይሆናል 96። ለካ የተሳሳቱት ምርጫዎች ዝም ብለው የተቀመጡ ቁጥሮች አይደሉም፣ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱትን አስበው የሚያዘጋጇቸው ማዘናጊያዎች ናቸው። መልስህን ምርጫው ውስጥ ስላገኘኸው ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም የሚሉት ለዚህ ነው።

ለልምምድ የሚሰጡት ጥያቄ ከየትም የተቃረመ አይደለም። ቲምስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብና የሳይንስ ምዘና እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በየ4 ዓመቱ ይካሄዳል፣ የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ነው የሚፈትነው። ካለፉት ዙሮች ለሕዝብ ይፋ የተደረጉ ጥያቄዎች ስላሉ ከእነሱ እየመረጡ ይሰጡታል። የ8ኛ ክፍሉ ሂሳብ ሲዘጋጅ 35% ያህሉ ማወቅን፣ 40% ያህሉ ያወቁትን ሥራ ላይ ማዋልን፣ 25% ያህሉ ማመዛዘንን እንዲለካ ታስቦ ነው። የሸመደደ ልጅ እንግዲህ የሚተማመነው በአንድ ሦስተኛው ላይ ነው። ይህን ስሰማ ክፍል ውስጥ 70 የሚያመጣው ልጄ እዚህ ለምን እንደሚንሸራተት ገባኝ፤ የክፍል ፈተናው ባለፈው ሳምንት የተማረውን እንዳለ መልሶ የሚጠይቀው ነበር።

ሌላው ደጋግሞ ማንበብን መቀነሳቸው ነው። ልጄ ደብተሩን ሦስት አራት ጊዜ አንብቦ «ጨረስኩ» የሚል ዓይነት ነበር። እሳቸው ደብተሩን ያስዘጉትና ባዶ ወረቀት ይሰጡታል፣ የምታስታውሰውን ጻፍ። ያስጨንቃል። ግን ምክንያት አለው። ሮዲገር እና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች ጽሁፍ ካነበቡ በኋላ ገሚሶቹ እንደገና አነበቡት፣ ገሚሶቹ ደግሞ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ሳያዩ የጻፉት ናቸው። ፈተና ደግሞ ከ5 ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

የፈተና ቀን ዘዴም አስተምረውታል፣ ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ። የከበደህን ምልክት አድርገህ እለፈው፣ የቀለለህን ጨርሰህ ተመለስ። ስህተት ነጥብ የማይቀንስ ከሆነ ባዶ አትተው፣ አራት ምርጫ ካለ በግምት እንኳ ከ4 አንድ ዕድል አለህ፣ ሁለቱን ማውጣት ከቻልክ ደግሞ ግማሽ በግማሽ። የሚቀንስ ከሆነ ግን መመሪያውን አንብበህ ወስን። በዋዜማው ማታ ደግሞ ደብተር አትንካ፣ በጊዜ ተኛ።

ዘንድሮ ፐርሰንታይሉ 61 ሆነ። ደውዬ ስነግራቸው እልል ይሉልኛል ብዬ ነበር። «እሰይ፣ ጥሩ ነው፣ ጥቂቱ የቀኑ ዕድል ሊሆን ስለሚችል በሚቀጥለውም እንየው» አሉኝና ደብተሩ ውስጥ ስንት «ንባብ» እንደቀረ ጠየቁኝ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ናቸው።

ለማን እንደሚሆኑ ደግሞ ልንገራችሁ። ፈተናው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ልጅ ይዛችሁ ብትሄዱ አይቀበሏችሁም። ቢያንስ አራት ወር ይፈልጋሉ። የቤት ሥራ ለልጁ የሚሠራለት ወላጅ ካለ ይቆጣሉ፣ በጣም ይቆጣሉ። በአንድ ጊዜ ከአራት ልጅ በላይ አይዙም። ጎበዝ ልጅ ሆኖ ፈተና ላይ የሚወድቅባችሁ፣ ወይ ሰዓት የሚያልቅበት፣ ወይ ምን እንደሚሳሳት ራሱ የማያውቅ ልጅ ካላችሁ ግን ከእሳቸው የተሻለ ሰው አላየሁም። አድራሻቸውን እዚህ አላስቀምጥም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ።

መምህር፣ ይህን ጽሁፍ ሰው እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ከፈተናው ሲወጣ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከበደህ ወይ ሳልለው እየሮጠ መጣና «እማ፣ "ያልሆነው" የሚል ሦስት ቦታ አገኘሁ፣ ሦስቱንም አስምሬባቸዋለሁ፣ ለመምህር ደውይላቸው» አለኝ።