ለአሮጌ ትራክተር «ሁሉን የያዘ የጀማሪ መጽሐፍ» እየተባለ የሚሸጠውን ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ወጣ ብላችሁ ጥቂት ኤከር መሬት የገዛችሁና ከመሬቱ ጋር፣ ወይም ከጎረቤት፣ አንድ ያረጀ ትራክተር ያገኛችሁ ወገኖች ይህን አንብቡልኝ። «ለማንኛውም የድሮ ትራክተር የሚሆን፣ ለጀማሪ የተዘጋጀ፣ አምስት መጽሐፍ በአንድ ጥቅል» የሚል ማስታወቂያ ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ እየተደጋገመ ነው። ዋጋው 89 ዶላር። አንድ ዘመዴ ገዝቶ ይዞልኝ መጣ። አትግዙት። በሌላ ስም፣ በሌላ ሽፋን ሲመጣም አትግዙት፤ ከአሁን ወዲያ ብዙ መልክ ይዞ መምጣቱ አይቀርም።

ዘመዴ ያለው ፎርድ 8ኤን ነው፤ ከፈረንጆቹ 1947 እስከ 1952 የተመረተው፣ ሆዱ ቀይ፣ ቆርቆሮው ግራጫ የሆነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስለተሠራ እስከ ዛሬ ርካሽ ነው፣ መለዋወጫውም እንደልብ ይገኛል። የጀማሪ ትራክተር የሚባለውም ለዚህ ነው። ከአምስቱ መጽሐፎች የአንዱ ሽፋን ላይ ይኸው 8ኤን ተለጥፏል። ውስጡን ስገልጥ የቫልቭ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባውና ጭሱን የሚያስወጣው በር) ማስተካከያ የሚል ምዕራፍ አገኘሁ። «ከሞተሩ አናት ላይ ያለውን የቫልቭ ሽፋን አንሱ፣ ከዚያ የሮከር አርሙን ብሎን አላሉ» ይላል። የ8ኤን ሞተር አናቱ ላይ እንዲህ ያለ ሽፋን የለውም! ቫልቮቹ ያሉት ጎን ለጎን እዚያው ብሎኩ ውስጥ ነው። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ክዳን፣ አራት ካንዴላ የተተከለበት ጠፍጣፋ ብረት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ፎርድ አሜሪካ ውስጥ ቫልቭ ከላይ ያለው ሞተር ለእርሻ ትራክተሩ የሰጠው በ1953 ከመጣው ሞዴል ጀምሮ ነው።

ገጽ ገልበጥ ሳደርግ ደግሞ «ኢንጀክተሮቹን በየጊዜው አስመርምሩ» ይላል። ኢንጀክተር የናፍታ ሞተር ነዳጅ መርጫ ነው፤ ናፍታ የሚጠጣ 8ኤን ደግሞ ከፋብሪካ ወጥቶ አያውቅም። ይህ እንኳ ያስቃል፤ ሰው የማይጎዳ ስህተት ነው። የፍሪሲዮን መቀየሪያው ምዕራፍ ግን አላሳቀኝም። «ሞተሩን ከሻንሲው ላይ በክሬን አንሱ» ብሎ ያልፋል። 8ኤንም ሆነ የፈርጉሰን ዘር የሆኑት ትራክተሮች ሻንሲ የላቸውም። ሞተሩና ካምቢዮው ራሳቸው ናቸው አካሉን የተሸከሙት። ፍሪሲዮን ለመቀየር ትራክተሩን መሀሉ ላይ ለሁለት ትከፍሉታላችሁ። የፊት አክሰሉ በመሀል ፒን ላይ ስለሚወዛወዝ፣ ከመክፈላችሁ በፊት በአክሰሉና በሞተሩ መካከል ግራና ቀኝ የእንጨት ሽብልቅ ካልመታችሁ የፊተኛው ግማሽ ወደ ጎን ይገለበጣል። ከሥሩ ሰው ካለ የሚሆነውን ልነግራችሁ አያስፈልግም። በአምስቱም መጽሐፍ ውስጥ ሽብልቅ የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ።

እንዲህ ያለው መጽሐፍ እንዴት እንደሚሠራ መገመት አይከብድም። አጠቃላይ የመኪና ጥገና ጽሑፍ ይወሰዳል፣ በኮምፒውተር ይገለባበጣል፣ ለፎርድ፣ ለጆን ዲር፣ ለፋርሞል፣ ለማሲ ፈርጉሰን ሽፋን እየተቀየረለት ይታተማል። የደራሲ ስም ቢኖርም ሰውዬው ከዚያ መጽሐፍ ውጭ የለም። ሥዕሎቹን ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ቀስቶቹ የሚያመለክቱት ባዶ ቦታ ነው፣ ፊደሎቹ ደግሞ ፊደል የሚመስሉ ጭረቶች ናቸው። የብሎን ማጥበቂያ ልክ ሠንጠረዥ የለም፣ «በደንብ አጥብቁ» ብቻ። ቁጥር የሌለው የጥገና መጽሐፍ ምን ይሠራል?

ስለ ቁጥር ካነሳሁ ዋናውን ነገር ልናገር። «ለ8ኤን» ተብሎ በእውነት ለ8ኤን የተጻፈ መጽሐፍ እንኳ ለእናንተ ትራክተር ላይሆን ይችላል። የሴሪ ቁጥሩ ከ263844 በፊት የሆነ 8ኤን ዲስትሪቢውተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ከሞተሩ ፊት ለፊት ነው ያለው። ከዚያ ቁጥር ጀምሮ ያለው፣ ማለትም ከ1950 ወዲህ የተሠራው፣ ከጎን ነው። ልዩነቱ የቦታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፊተኛው ፑንቲና (ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ እሳቱን የሚቆራርጠው መገናኛ) ክፍተት 0.015 ኢንች ነው፣ የጎኑ 0.025። አንዱን በሌላው ልክ ካደረጋችሁት ሞተሩ ወይ አይነሳም፣ ወይ እየተንገዳገደ ይነሳና ጥፋቱን ካርቡራተር ላይ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። የፊተኛውን ሁለት ብሎን ፈትታችሁ ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ፤ ሲመለስም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚገጥም ታይሚንጉ (እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) አይጠፋባችሁም። የጎኑ ግን አንዴ ከወጣ እንደገና ታይሚንግ ይጠይቃል። ሁለቱን ለይቶ የማይናገር መጽሐፍ እጃችሁ ከገባ ለሻጩ መልሱት።

የሴሪ ቁጥሩ ከሞተሩ ግራ ጎን፣ ከቴስታታው በታች፣ ከዘይት ፊልትሮው ኋላ ብረቱ ላይ ተመትቷል። ቀለምና ቅባት ስለሚሸፍነው በሽቦ ብሩሽ አሹት፣ በእጅ ባትሪ ከጎን አብሩበት። ልብ በሉ፣ በሰባ ዓመት ውስጥ ሞተር የተቀየረላቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩንም ዲስትሪቢውተሩ ያለበትን ቦታም አይታችሁ፣ ሁለቱ ከተጣረሱ ዲስትሪቢውተሩ ያለበትን ቦታ እመኑ። ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው። 8ኤን ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ 6 ቮልት ነበር፣ ከአካሉ ጋር የሚታሰረውም የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ወደ 12 ቮልት ተቀይረዋል፣ ኔጌቲቩም ወደ አካሉ ዞሯል። የመጽሐፉ የሽቦ ሥዕል የትኛውን እንደሚያሳይ ሳታዩ ሽቦ አትንኩ።

ማሲ ፈርጉሰን 35 ያላችሁ ደግሞ የባሰ ነው የሚጠብቃችሁ። ስሙ አንድ፣ ሞተሩ ግን ብዙ። አሜሪካ ዲትሮይት የተሠራው ባብዛኛው ኮንቲኔንታል የቤንዚን ሞተር አለው። እንግሊዝ ኮቨንትሪ ከተሠሩት የናፍታዎቹ የመጀመሪያዎቹ ባለ አራት ሲሊንደር ስታንዳርድ ሞተር ነበራቸው፣ በብርድ አልነሳም በማለት ስሙ የጠፋው። ከ1959 ወዲህ በባለ ሦስት ሲሊንደሩ ፐርኪንስ ተተካ። መጽሐፍ ከማዘዛችሁ በፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ቁጠሩ፦ ሦስት ከሆኑ ፐርኪንስ ነው፣ አራት ከሆኑ ስታንዳርድ ነው፣ ጭራሹን ከሌሉና ካንዴላ ካያችሁ ቤንዚን ነው። ሻጩን «ይሄ ለየትኛው ሞተር ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ለሁሉም ይሆናል» ካላችሁ ንግግሩን እዚያው አቁሙ።

አገር ቤት ለወንድም ወይም ለአጎት መጽሐፍ ልላክ የምትሉም አላችሁ። ማሲ ፈርጉሰን ኢትዮጵያ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ የቆየው መካኒክ ከመጽሐፉ በላይ እጁ ያውቀዋል። ነገር ግን የማሲ ዲዛይን በፈቃድ በዩጎዝላቪያ፣ በቱርክ፣ በህንድና በፓኪስታንም ተሠርቷል። መልኩ ያው ሆኖ ውስጡ አንዳንድ ቦታ ይለያያል። መጀመሪያ የስም ሰሌዳውን ፎቶ አስልኩና ከዚያ ግዙ። ያለዚያ የፖስታው ዋጋ ከመጽሐፉ በልጦ ጥቅሉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይገዛ? ሦስት ዓይነት መጽሐፍ ነው ያለው፣ ሦስቱም ሥራቸው የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ትራክተሩ አዲስ ሲሸጥ ለገበሬው አብሮ ይሰጥ የነበረው የባለቤት መመሪያ ነው። ቀጭን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ዘይት የት እንደሚጨመር፣ ስንት እንደሚይዝ፣ እንዴት እንደሚነሳ ይናገራል። ሁለተኛው የጋራዥ ማኑዋል ነው፣ ለመካኒክ የተጻፈ፣ ልክና ክፍተት በሠንጠረዥ የሞላበት። ጀማሪ ሲያነበው «ባለሙያ ያውቀዋል» ብሎ የዘለለው ብዙ ነገር ስላለ መጀመሪያ ላይ ያስመርራል፣ ግን ምትክ የለውም።

ሦስተኛው ሰው የሚንቀው የመለዋወጫ ካታሎግ ነው። እኔ ግን በጀታችሁ ለሁለት ብቻ ከበቃ ከባለቤት መመሪያው ቀጥሎ ይህን ግዙ እላለሁ። እያንዳንዱን ክፍል በትኖ፣ በፈታችሁት ቅደም ተከተል በአየር ላይ ደርድሮ ያሳያል። የሃይድሮሊክ ፓምፑን ፈታችሁ ሣህን ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ አንዲት ቀጭን ሪንግ ከየት እንደወጣች ስትጠፋባችሁ፣ መልሱ ያለው እዚያ ሥዕል ላይ ነው፦ ከስፕሪንጉ በፊት ናት ወይስ በኋላ፣ አንድ ናት ወይስ ሁለት። ከዚያም በላይ የክፍሉን ቁጥር ይሰጣችኋል። ቁጥሩን ይዛችሁ ስትደውሉ መለዋወጫ ሻጩ የማይሆን ነገር ሊያስታቅፋችሁ አይችልም። ካታሎጉ ራሱ «እስከዚህ ሴሪ ቁጥር ይህ፣ ከዚህ በኋላ ያኛው» እያለ ስለሚለይ፣ ከላይ ያልኩትን የሞዴል ጣጣም ያቃልላል።

ሦስቱም እንደገና ታትመው ይሸጣሉ። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ሻጭ ዋናውን በጥንቃቄ ያሳትማል፣ አንዳንዱ የኮፒ ኮፒ ሰብስቦ ያስራል። ዋናው ላይ ተጣጥፎ የሚዘረጋ የሽቦ ሥዕል ነበር፤ በርካሹ ቅጂ ላይ በአንድ ገጽ ልክ ተቆርጦ ግማሹ የለም። የካታሎጉ ቁጥሮች 3ቱ ከ8 አይለይም። በፍላሽ የሚሸጠውም ከዚሁ ቅጂ ነው፣ በዚያ ላይ በቅባት እጅ ስልክ መነካካት ራሱ መከራ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ፎቶ ጠይቁ፦ የሽቦ ሥዕሉን ገጽና መጽሐፉ ከየትኛው እስከ የትኛው ሴሪ ቁጥር እንደሚሠራ የሚናገረውን ገጽ። የሽፋኑን ፎቶ መልሶ የሚልክላችሁን ተዉት።

ዋናዎቹም ቢሆኑ እንደ ወንጌል አይታመኑም። የተጻፉት በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ነው። ክፍሎችን በቤንዚን እጠቡ የሚሉ አሉ፤ አታድርጉት፣ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ማጠቢያ አለ። የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራው አስቤስቶስ ሊሆን እንደሚችል አይናገሩም፣ በዚያን ጊዜ ማንም አይናገርም ነበርና። አቧራውን በኮምፕሬሰር አየር አትንፉት፣ አርጥቡና ጥረጉት። የድሮው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አሸዋ ወረቀት ከመፈተግ ተቆጠቡ፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ግቢ። የኋላ ጎማ ውስጥ ክብደት እንዲጨምር ተብሎ የተሞላው የካልሲየም ክሎራይድ ውሃ ደግሞ ቸርኬውን ከውስጥ ይበላዋል። መጽሐፉ እንዴት እንደሚሞላ ያስተምራችኋል፣ ከሰባ ዓመት በኋላ ቸርኬው ምን እንደሚመስል ግን አያውቅም።

ስለ ባለቀለም ትልልቅ የፎቶ መጽሐፎች ብዙ የምለው የለም። ያምራሉ፣ ቀለሙ የትኛው እንደነበረ ለማየት ይጠቅማሉ፣ ለስጦታ ይሆናሉ። ብሎን አይፈቱም።

የፈረስ ጉልበቱንና የነዳጅ ፍጆታውን ለማወቅ ብላችሁ ደግሞ ገንዘብ አታውጡ። የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ከ1920 ጀምሮ ትራክተሮችን ሲፈትን ኖሯል፣ የድሮዎቹንም ሪፖርቶች በነፃ አስቀምጧል። ከጥቅሉ አምስት መጽሐፍ አንዱ፣ «የቴክኒክ መረጃ» የተባለው፣ ከዚያው ከነፃው ሪፖርት የተገለበጠ ሠንጠረዥ ነበር፣ እሱም የሌላ ትራክተር።

ገዝታችሁ ያላችሁ ጊዜ አታባክኑ። የዘመዴ ሻጭ መጀመሪያ «አምስት ቀን ጠብቅ» አለው፣ ቀጥሎ «ግማሹን ልመልስልህ» አለው፣ ከዚያ ጠፋ። በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው፣ ዕቃው እንደተባለው ካልሆነ፣ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ የመከራከር መብት አለው። ሻጩ «ጠብቅ» የሚለው ይህ ቀን እንዲያልፍ ነው። የማስታወቂያውን ፎቶ፣ የደረሳችሁን ገጾች ፎቶና የተጻጻፋችሁትን አያይዙ። «8ኤን ላይ የሌለ የቫልቭ ሽፋን ክፈቱ ይላል» የሚል አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር «መጽሐፉ መጥፎ ነው» ከሚል ረጅም ሮሮ ይበልጣል። በዴቢት ካርድ ከሆነ ለባንኩ ዛሬውኑ ደውሉ፣ ሕጉ እንደ ክሬዲቱ አይሸፍናችሁም። በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ መላኪያው) የላካችሁት ግን ራሳችሁ ፈቅዳችሁ ስለላካችሁት የመመለሱ ነገር የመነመነ ነው። አዲስ ሻጭ «በዜል ከሆነ 20 ዶላር እቀንሳለሁ» ሲላችሁ የሚቀንስላችሁ ይህንን መብት ነው።