ናሲም ሐመድ ወይስ ሮይ ጆንስ፦ ማን ይበልጣል?

ሁለቱም ቦክሰኞች እጃቸውን አውርደው፣ በተጋጣሚ ፊት እየጨፈሩ ያሸነፉ ናቸው።

ውጤት፦ ሐመድ 37 ጊዜ ተጋጥሞ 36ቱን አሸንፏል፤ 31ዱን በዝረራ። የዓለም ቀበቶ የያዘው ግን በ57 ኪሎ ምድብ ብቻ ነው። ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1993 የመካከለኛ ሚዛን የዓለም ቀበቶ ይዞ፣ በ2003 ጆን ሩዪዝን በነጥብ ረትቶ የከባድ ሚዛን ቀበቶ ወሰደ። ይህን የሚስተካከል ነገር ሐመድ የለውም።

የቡጢ ኃይል፦ እዚህ ሐመድ ይልቃል። ግራኙ ልጅ እግሩ ሳይረጋ እንኳ ይዘርር ነበር። በ1997 ኒውዮርክ ላይ ኬቨን ኬሊ ሦስት ጊዜ ጥሎት፣ በ4ኛው ዙር በዝረራ የጨረሰው ግን ሐመድ ነው።

አደጋው፦ ሐመድ አገጩን ሳይሸፍን ወደ ኋላ ይለጠጥ ነበር። በ2001 የገጠመው ሜክሲኳዊው ማርኮ አንቶኒዮ ባሬራ አልቸኮለም፤ ከሐመድ ግራ እጅ እየራቀ ዞረ፣ ሐመድ በሳተ ቁጥር በግራ መንጠቆ (ከጎን በሚመጣ ቡጢ) መለሰለት፤ 12ቱን ዙር ጨርሶ በነጥብ አሸነፈ። ጆንስን የሚጠብቀው ፍጥነቱ ነበር። በ35 ዓመቱ ፍጥነቱ ሲቀንስ የተጋጣሚው የአንቶኒዮ ታርቨር ግራ እጅ በ2ኛው ዙር ጣለው።

ለአንድ ምሽት ትንቅንቅ ሐመድን እመርጣለሁ፤ ዓመታት ለዘለቀ የበላይነት ያለ ጥርጥር ጆንስን።