ሐረር ውስጥ ንብ ማነብ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ እሳቸውን አማክሩ

የንብ ነገር ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ ነው የምጽፈው። ምስጋናው ግን በአደባባይ ይሁንልኝ።

አምና መስከረም ላይ ነው። በጓሮ በኩል ካለው ክፍላችን ቆርቆሮ ሥር ቢጫና ጥቁር ነገር ሲገባ ሲወጣ አየሁ። ንብ ነው ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም። እናቴም «ንብ ቤት ሲገባ ሲሳይ ነው፣ እንዳትነኪው» አለችኝ። የማነብ ሐሳብ ከድሮም ነበረኝ፤ በማግስቱ ከአንድ ሻጭ የሽግግር ቀፎ፣ ማለትም ከላይ ጣውላ የሚደረደርበት ቀፎ፣ ገዛሁ። ንቡን የሚያዛውርልኝ ሰው ፍለጋ ሸዋ በር ማር ከሚሸጡት እናቶች ዘንድ ሄድኩ። ወደ ጋሼ የመሩኝ እነሱ ናቸው።

በባጃጅ መጡ። ወንበር ብናወጣላቸውም አልተቀመጡም። ከቆርቆሮው ሥር ቆመው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ «አቦ ልጄ፣ ይሄ እኮ ተርብ ነው» አሉኝ።

ይህን ብለው፣ የባጃጃቸውን ተቀብለው ቢሄዱ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን ተርቦቹ የለቀቁትን አሮጌ ጎጆ ከግድግዳው ጥግ አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «በጣትሽ ፍጪው።» ስፈጨው እንደ ደረቀ ወረቀት ተፈረፈረ። የንብ ቢሆን ሰም ነው፤ በጣቴ ሙቀት ይለሰልስ ነበር። ተርብ እንጨት ፍቃ በምራቋ እያላቆጠች ነው ጎጆዋን የምትሠራው። በራችን መቃን ላይ የፋቀችበትን ነጣ ያለ መስመር አሳዩኝ። በየቀኑ የምገባበት በር ነው፤ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

ከዚያ ወደ አደይ አበባው ወሰዱኝ። እውነተኛዋን ንብ እዚያ አገኘናት። ደረቷ ላይ ፀጉር አላት፣ የኋላ እግሯ ጠፍጣፋ ነው፣ ቢጫ ጭነቷን የምትሸከመውም እሱ ላይ ነው። ተርብ ግን ሰውነቷ ልሙጥ፣ ወገቧ እንደ ክር የቀጠነ፣ ስትበር ረጃጅም እግሮቿ ወደ ታች የሚንጠለጠሉ ናት። እዚያው አጠገብ ሌላ ባለ መስመር ነገር አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ጋሼ በባዶ እጃቸው ያዟት። እኔ ደነገጥኩ። «ዝንብ ናት፣ መናደፊያ የላትም። ክንፏን ቁጠሪ።» ሁለት ብቻ ነው። ንብና ተርብ አራት አላቸው። የዝንቧ ዓይን ጭንቅላቷን ሊሸፍን ምንም አይቀረው፣ አንቴናዋ ደግሞ አጭር ነው። አሁን ይህን ለሰፈር ልጆች ሁሉ አሳያለሁ። እንጨት የምትበሳው ትልቋ ጥቁር ንብና መሬት ውስጥ የምትኖረው ጣዝማም ለየብቻ ትምህርት ነበራቸው።

ተርቦቹን እንዳላስገድላቸው ለመኑኝ። ጎመኔ ላይ ያለውን ትል አድነው ልጆቻቸውን የሚመግቡት እነሱ ናቸው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለነበሩ ተውኳቸው።

ከሁሉ በላይ ያዳኑኝ ግን ቀፎው ላይ ነው። ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው ከላይ የሚደረደሩትን ጣውላዎች ለኩ። ለእኛ አገር ንብ የአንዱ ጣውላ ስፋት 32 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ የኔ አንዱ 38፣ ሌላው 41 ነበር። ስፋቱ ሲዛባ ንቦቹ እንጀራቸውን፣ ማለትም ማርና እጭ የሚይዘውን ሰም፣ ከጣውላ ጣውላ አያይዘው ይሠሩታል። ያኔ አንዱን ለማውጣት ሌላውን መቅደድ ነው፤ ማሩ ይፈሳል፣ ውስጡ ያለው እጭም ይሞታል። ሻጩ ብሬን አልመለሰልኝም፣ አሁንም ያንገበግበኛል። ጋሼ ግን አናጺ ጋ አብረውኝ ሄደው፣ ሁሉም ተስተካክሎ እስኪያልቅ አጠገቡ ቆሙ። የዚያን ቀን የወሰዱት የባጃጅ ብቻ ነው።

ቀፎውን በወይራ ጭስ አጥነው፣ ውስጡን ሰም ቀብተው፣ እግሮቹን የተቃጠለ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ አቆሙልኝ፤ ጉንዳን እንዳይወጣበት ነው። ጥቅምት ላይ፣ ቁልቋሉ ሲያብብ፣ መንጋው በራሱ መጣ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

መጀመሪያ ስንከፍት አንዷ አንጓዬ ላይ ነደፈችኝ። ጋሼ መናደፊያውን በጥፍራቸው ጠርገው አወጡት። ንብ ስትነድፍ መርዝ የያዘው ከረጢት ከመናደፊያው ጋር ተነቅሎ ይቀራል፣ እዚያው ሆኖም መርዙን መርጨቱን አያቆምም። ስለዚህ ቶሎ ማውጣት ነው። ሽታው ሌሎቹን ስለሚጠራም ቦታውን በጭስ ሸፈኑት። ፊቱ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ግን ጊዜ ሳይፈጅ ሆስፒታል መሄድ እንዳለበት ደጋግመው ነግረውኛል።

ሌላም አለ። ጎረቤታችን የጫት ማሳው ላይ መድኃኒት ሲረጭ ንቦቼ የቀፎው በራፍ ላይ መርገፍ ጀመሩ። እኔ ለጠብ ተነሳሁ። ጋሼ ሰውዬው ቤት ሄደው፣ ቡና ጠጥተው፣ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ማታ እንዲረጭና ቀድሞ እንዲነግረን ተስማምተው መጡ። ቃሉን ጠብቋል።

ዘንድሮ በኅዳር ወር ሰባት ኪሎ ማር ቆረጥን። ያስቆረጡኝ በሰም የታሸገውን ብቻ ነው። ያልታሸገው ውሃው ብዙ ነው፣ ቆይቶ ይቦካል። እጭ ያለበትን አልነካንም፣ ለንቦቹም ስንቅ ተውንላቸው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ማሰሮ የእርስዎ ነው ብዬ ሳመጣልዎ እንቢ እንዳይሉኝ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ ጠይቁኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ቀፎ ሲከፍቱ የሚያስከፍሉት ኪስ አይጎዳም። ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ግን አይመጡም፤ በፀሐይ ንብ ይቆጣል። በቀጠሮው ቀን ሽቶ እንዳትቀቡ፣ ያለዚያ ከበር ይመልሷችኋል።